የዩት ሕዝብ የድብ ጭፈራ ምንድን ነው?

የድብ ጭፈራ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዩት ሕዝብ በየዓመቱ የሚያከናውነው ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ የበረዶውን ወራት በዋሻ ተኝቶ ያሳለፈው ድብ የሚነቃበትን የጸደይ መግቢያ መነሻ ያደርጋል። በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ አንድ አዳኝ ድብ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የዛፍ ግንድ እየቧጠጠ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲረግጥ አገኘ፤ ድቡም እርምጃውንና ዜማውን አስተምሮ ወደ ወገኖቹ ሰደደው።

ዩቶች ዛሬ ኮሎራዶና ዩታ በሚባሉት ግዛቶች ተራሮችና ሸለቆዎች የኖሩ አዳኞች ናቸው። ብርዱን በየቤተሰባቸው ተበታትነው ስለሚያሳልፉ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘው፣ የሞተውና የተወለደው የሚታወቀው፣ ወጣቶችም የሚተያዩት በዚህ ጭፈራ ነበር። ሥርዓቱን ከሃይማኖታዊ ክንውንነቱ ብቻ የሚያዩት ሰዎች ይህን ማኅበራዊ ጥቅሙን ይዘነጉታል ብዬ አምናለሁ።

የሚጨፈረው ከቅርንጫፍ በተሠራ፣ በሩ ወደ ምሥራቅ በሆነ ክብ አጥር ውስጥ ነው። የዜማ መሣሪያው ጎን ለጎን ጥርስ የወጣለት ረጅም እንጨት ሲሆን፣ አንዱ ጫፉ በቆርቆሮ በተሸፈነ ባዶ ሣጥን ላይ ያርፍና በሌላ ዘንግ ይፈገፈጋል፤ ከዚያ የሚወጣው ጉርምርምታ የድቡን ድምፅና የጸደዩን የመጀመሪያ ነጎድጓድ ያስታውሳል። አጣማሪ የምትመርጠው ሴቷ ናት፤ የሻሏን ዘርፍ ወደምትፈልገው ወንድ ወርወር ታደርጋለች፣ እርሱም እምቢ ማለት አይገባውም። ከዚያ ወንዶችና ሴቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይላል፤ ሰልፉን የሚጠብቅ አለንጋ የያዘ ሰውም የሚዘናጉትን ይገሥጻል።

ሥርዓቱ ከባድ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል ለዩቶች የተተወው የኮሎራዶ ምዕራባዊ ክፍል፣ በሳን ህዋን ተራሮች ማዕድን ከተገኘ በኋላ በ1873 ተሸረሸረ፤ የመንግሥቱ ወኪል ናታን ሚከር ፈረሰኞቹን ዩቶች በግድ ገበሬ ለማድረግ በመሞከሩ በ1879 ግጭት ተነሣ፤ በ1881ም አብዛኞቹ የሰሜን ዩቶች ወደ ዩታ ተባረሩ። ምድራቸውን ያጡት እነዚህ ሰዎች ግን ጭፈራቸውን ይዘው ሄዱ። ዛሬ በኮሎራዶ በኢግናሲዮና በቶዋኦክ፣ በዩታም በዩንታና ዩሬይ የዩት መሬት ይካሄዳል፤ ኢግናሲዮ ላይ የሚጨፈረው በሜይ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ሻል የለበሱ እንግዳ ሴቶችም ሊቀላቀሉት ይችላሉ።