የደን የመዝናኛ ዋጋ ምንድን ነው? የአየር ንብረት ሲለወጥስ እንዴት ይለካል?

የደን የመዝናኛ ዋጋ ማለት ሰዎች በደን ውስጥ በመንሸራሸር፣ አእዋፍን በመመልከት፣ በጥላ ሥር በማረፍ ወይም ድንኳን ተክለው በማደር የሚያገኙት ጥቅም በገንዘብ ሲተመን ነው። ይህ ዋጋ ከመግቢያ ክፍያ ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ደኖች መግቢያ አያስከፍሉም፤ የሚያስከፍሉትም ቢሆኑ ክፍያው የሚያሳየው የአስተዳደሩን ውሳኔ እንጂ የጎብኚውን እርካታ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የሚፈልጉት፣ አንድ ሰው ለጉብኝቱ ቢበዛ ሊከፍል ከሚፈቅደው ላይ በእርግጥ ያወጣው ሲቀነስ የሚተርፈውን ነው። ጉዞው 20 የሚያስወጣው ሰው ወጪው 50 እስኪደርስ ድረስ የማይቀር ከሆነ፣ ደኑ የ30 ትርፍ ሰጥቶታል። ይህ ትርፍ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ የእንጨቱ ሽያጭ ግን ይሰፍራል። ደኑ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ተብሎ ሲመከር የጎብኚዎች ጥቅም እንደሌለ ተቆጥሮ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ የጉዞ ወጪ ዘዴ ይባላል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሃሮልድ ሆቴሊንግ እ.ኤ.አ. በ1947 ለአገራቸው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጻፉት ደብዳቤ ሐሳቡን አቀረቡ፤ ማሪዮን ክላውሰን ደግሞ በ1959 በተግባር አዋሉት። በደኑ ዙሪያ ያለው አካባቢ እንደ ርቀቱ በቀለበት ይከፈላል፤ ከየቀለበቱ ከ1,000 ነዋሪ ስንት ጉብኝት እንደሚደረግ ይቆጠራል። ከቅርቡ 400፣ ከመካከለኛው 200፣ ከሩቁ 50 ጉብኝት ቢገኝ፣ ወጪ ሲጨምር ጉብኝት እንዴት እንደሚቀንስ ይታያል፤ ከዚያም የፍላጎት መስመር ተሠርቶ ትርፉ ይሰላል። አስቸጋሪው የጊዜ ዋጋ ነው። በመንገድ ላይ የጠፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ በደመወዝ ሲሶ ይተመናል፤ ነገር ግን መንገዱ ራሱ ደስ ለሚያሰኘው ሰው ይህ ስሌት አይስማማውም።

ሁለተኛው መንገድ ሰዎችን በቀጥታ መጠየቅ ነው። ሮበርት ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በአሜሪካ ሜን ግዛት ደኖች ውስጥ የሚያድኑና የሚዝናኑ ሰዎችን ምን ያህል ሊከፍሉ እንደሚፈቅዱ ጠይቀዋል። ሰው በቃል የሚለውና ከኪሱ የሚያወጣው ስለሚለያይ ዘዴው ሲተች ኖሯል፤ ሆኖም የአየር ንብረት ለውጥ ጥያቄ ሲነሳ ያለ እርሱ መሄድ አይቻልም። የጉዞ ወጪ ዘዴ የሚያነበው ትናንት የተደረገውን ጉዞ ብቻ ነው፤ የነገው ደን ግን ገና ማንም ያልጎበኘው ደን ነው።

የለውጡ መንገዶች ብዙ ናቸው። ሙቀት ሲጨምር በቀዝቃዛ አገሮች ለጉብኝት የሚመቹ ቀናት ይበዛሉ፤ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ግን ጉብኝት ይቀንሳል ወይም ወደ ማለዳ ይዞራል። የእሳት ስጋት ደኑን ያዘጋል፤ በረዶ ሲሳሳ የክረምት መዝናኛ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ድርቅ በኋላ በጀርመን የሃርዝ ተራራ በርካታ ስፕሩስ የተባሉ ጥድ መሰል ዛፎች በቅርፊት በል ጢንዚዛ ደርቀዋል፦ ቅጠላቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያም ረግፎ ግራጫ ግንድ ብቻ ቀረ፤ የደረቀው ግንድ በሰው ላይ እንዳይወድቅም የእግር መንገዶች ይዘጋሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የጎብኚው ቁጥር ባለበት ቢቆይ እንኳ የእያንዳንዱ ጉብኝት ዋጋ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የደረቁ ዛፎች ድርሻና የመንገዶች ሁኔታ የተለያየባቸውን ሥዕሎች እያሳዩ «እንዲህ ቢሆን በዓመት ስንት ጊዜ ይመጣሉ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ጎብኚው በእርግጥ ካደረጋቸው ጉዞዎች ጋር አጣምረው ያሰላሉ።

ንጽጽሩም መጠንቀቅ ይሻል። የወደፊቱ ደን መነጻጸር ያለበት ከዛሬው ጋር ሳይሆን የአየር ንብረት ባይለወጥ ኖሮ ሊኖር ከነበረው ጋር ነው፤ የሕዝብ ብዛትና ገቢ በራሳቸው ይለወጣሉና። ከሁሉ ይበልጥ ቸል የሚባለው፣ በእኔ አመለካከት፣ የአማራጭ ጉዳይ ነው። አንድ ደን ቢቃጠል ሰዎች ወደ ሌላው ስለሚሄዱ ጉዳቱ በሁለቱ ደኖች ጥቅም መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ድርቅ ግን የአንድን ክልል ደኖች በአንድ ጊዜ ሲመታ አማራጩም አብሮ ይጠፋል፤ ደኖችን አንድ በአንድ ለክቶ የሚደምር ጥናት ይህን ጉዳት አሳንሶ ያያል።

በመጨረሻ የጊዜ ስሌት አለ። ዛሬ ድርቅ የሚቋቋሙ የተቀላቀሉ ዛፎች ቢተከሉ ጥላቸው የሚደርሰው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ የሚገኝ የ100 ጥቅም፣ በዓመት 1 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ (የወደፊት ጥቅም ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ በየዓመቱ የሚቀነስበት መጠን) ሲሰላ ዛሬ 55 ገደማ ይሆናል፤ በ5 በመቶ ሲሰላ ግን ከ5 ብዙም አይበልጥም። የአንድ ደን ተመን ሲቀርብ ከድምሩ በፊት የትኛው ምጣኔ እንደተወሰደ መታየት አለበት።