«አዲስ አበባ የገጠሩን በጀት በላችው» እና ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች

ሰኔ መጨረሻ ላይ ፓርላማው በጀት ሲያጸድቅ ያው ክርክር ይነሳል። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ላይም። ለከተማው ነው የበዛው ወይስ ለገጠሩ? መከራከሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ግማሹ ክርክር በወሬ ላይ የቆመ መሆኑ ነው።

«አዲስ አበባ የክልሎችን ድጎማ ነው የምትበላው»

አይደለም። ከተማዋ በጀቷን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ ከምትሰበስበው ግብርና ሌላ ገቢ ነው። በ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ የጸደቀላት ወደ 230 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች በሙሉ የያዘው ድጎማ ደግሞ ወደ 222 ቢሊዮን። አንድ ከተማ ብቻዋን ከሁሉም ድጎማ በለጠች ማለት ነው። ግን ይሄ ከድጎማ አከፋፈል የመጣ አይደለም። ባንኩም፣ አስመጪውም፣ ትልልቁ ድርጅትም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚህ ነው፤ የሠራተኛው የደመወዝ ግብር የሚቆረጠውም እዚሁ። ገጠሩ ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ ቡናውን ያመረተው ገበሬው ሆኖ ሳለ የላኪው ቢሮ አዲስ አበባ ከሆነ ትርፉ የሚመዘገበው አዲስ አበባ ነው።

በነገራችን ላይ የድጎማውን ቀመር፣ ማለትም ለየትኛው ክልል ስንት እንደሚደርስ የሚያሰላውን፣ የሚወስነው ገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

«ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ብር ማካፈል ነው»

ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዘን እንየው። ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሆነው ይመደባሉ። ሜዳ ላይ፣ ቤቶቹ የተጠጋጉበት ቀበሌ ከሆነ በአንድ ቀን ብዙ ቤት ታዳርሳለች። ገደል የሚከፍለው ቀበሌ ከሆነ ግን ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ቀን ሊፈጅባት ይችላል። የክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ መንገዱ ረዘመ ብሎ አይጠብቃትም። ደመወዙ አንድ፣ የሕዝቡ ቁጥር አንድ፣ ድካሙ ለየቅል። ቀመሩም ድሮ ትልቁን ክብደት ለሕዝብ ብዛት ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን እያንዳንዱ ክልል አገልግሎቱን ለማድረስ ምን ያህል ወጪ አለበት፣ ራሱስ ስንት መሰብሰብ ይችላል ወደሚል ስሌት ዞሯል።

ከተማም የራሱ ጣጣ አለው። ገበሬው ለመጸዳጃ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይቆፈራል?

«ለገጠር በጀት ተመደበ ማለት መንገድ ተሠራ ማለት ነው»

ከሁሉም በላይ የምንስተው ይሄን ይመስለኛል። የአንድ ወረዳ በጀት ተከፍቶ ቢታይ አብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ባለሙያ። ከዚያ የተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ትባላለች። ጠመኔውም፣ ወረቀቱም፣ የውሎ አበሉም፣ የሞተር ሳይክሉ ቤንዚንም ከእሷ ነው። ወረዳ ግቢ ውስጥ ሞተር ሳይክል ቆሞ አቧራ ሲለብስ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባለሙያ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ቤንዚን የለም። እኔ ብጠየቅ «ለገጠር ስንት ቢሊዮን ተመደበ?» ከማለት «ከደመወዝ በኋላ ስንት ተረፈ?» ማለቱን እመርጣለሁ።

«ግብር ከፋዩ ከተሜው ነው፣ ገበሬው ተደጓሚ ነው»

ገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ለክልሉ ይከፍላል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን ጥር ሲገባ አካፋና ዶማ ይዞ ያለ ክፍያ እርከን ሊሠራ የሚወጣው ማነው? ትምህርት ቤት ሲሠራ ድንጋይ የሚያጓጉዘው፣ እንጨት የሚያዋጣው? ከተሜውም ለሰፈሩ ኮብልስቶን ያዋጣል፣ አልክድም። የገበሬው ጉልበት ግን የግብር መዝገብ ላይ አይወጣም።

«ድሃ ያለው ገጠር ነው»

ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ለገጠር የተጀመረው በ1997 ነው። ለከተማ የመጣው በ2009፣ ያውም በ11 ከተሞች ብቻ። የከተማ ድሃ ለመታየት 12 ዓመት ፈጀበት።

«ቁጥሩ ግልጽ ነው፣ የቀረው ማካፈል ብቻ ነው»

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የምናካፍለው በትንበያ ነው። ያኔ የተወለደው ልጅ ዛሬ ሥራ ፈላጊ ሆኗል። ያኔ የገጠር ቀበሌ ተብለው ከተቆጠሩት ውስጥም ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስባቸው አሉ።