የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ለመሆን

የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ የሚያስተምር ባለሙያ ነው። ወደ ሙያው የሚያስገቡት መንገዶች ባብዛኛው ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳይንሱንና የማስተማር ዘዴውን ጎን ለጎን ተምሮ መመረቅ ነው። ሌላው መጀመሪያ በሳይንሱ ዲግሪ ይዞ፣ አንድ ዓመት ገደማ የመምህርነት ሥልጠና መጨመር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህኛው የተለመደ ነው። ፊንላንድ ደግሞ ማስተርስ ትጠይቃለች። የሙያ ፈቃድ ወይም ፈተና የሚጠይቁ አገሮችም ብዙ ናቸው።

ዲግሪ ብቻውን ግን አያስተምርም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንደጻፈው፣ መምህር የራሱ የሆነ ዕውቀት አለው፦ ትምህርቱን ለሌላ ሰው እንዲገባ አድርጎ የማቅረብ ዕውቀት። ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ማወቅም የዚሁ አካል ነው። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ከባትሪ ጋር ሲያያዙ፣ ብዙ ተማሪ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን "ስለሚበላው" ሁለተኛው ይደበዝዛል ብሎ ያስባል። ፎርሙላ ቢጻፍለትም ሐሳቡ ንቅንቅ አይልም። ጎበዝ መምህር መጀመሪያ ያስገምታል፣ ከዚያ ያበራል። አምፖሎቹ እኩል ይበራሉ። ከረንት የሚለካው መሣሪያ፣ አሚተሩም፣ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ያው ቁጥር ያሳያል። ክርክሩ የሚጦፈው ያኔ ነው፤ እኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ደስታ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

ቤተ ሙከራ ሌላ ኃላፊነት ነው። አሲድ ሲቀጠን ሁልጊዜ አሲዱ ነው ቀስ እያለ ወደ ውሃው የሚጨመረው። ተገላቢጦሹ ከተደረገ የሚፈጠረው ሙቀት ውሃውን በቅጽበት አፍልቶ አሲድ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ሰልጣኙ እያንዳንዱን ሙከራ ከክፍሉ በፊት ራሱ ይሠራዋል። መነጽርም ለይስሙላ አይደለም።

ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ የማስተማር ልምምዱ ነው። ሰልጣኙ ዕቅድ ጽፎ፣ ነባር መምህር ከኋላ ተቀምጦ እያየው ያስተምራል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ እንደሆነ አይታለች። ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ለጀማሪ ያቺ ዝምታ በጣም ትጨንቃለች፤ ግን ትለመዳለች።

ከተቀጠሩ በኋላ ከተማሩበት ውጪ መመደብም ያጋጥማል። የባዮሎጂ ምሩቅ ፊዚክስ ሊሰጠው ይችላል። ለዚህ ሲባል በዩኒቨርሲቲ ቆይታ ከሌሎቹ የሳይንስ ትምህርቶች ቢያንስ መሠረታዊዎቹን መውሰድ ያዋጣል።