አንድ ድጓ፣ ብዙ ቤት

የቆሎ ተማሪን «የየት ነህ?» ቢሉት የተወለደበትን አገር ይነግርዎታል። «ዜማ የየት ቤት ነህ?» ቢሉት ግን መልሱ ሌላ ነው፦ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት። እዚህ ላይ «ቤት» ማለት ከየኔታ ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የዜማ ስልት ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ድጓ፣ ማለትም የዓመቱ በዓላት የዜማ መጽሐፍ፣ አንድ ነው። ትውፊቱ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጠዋል፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ዜማዎች የትም ቤት ቢሄዱ እነዚያው ናቸው። በዓሉም አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ጉሮሮ ላይ ነው፦ የት ይጎተታል፣ የት ይቆረጣል፣ የት ይርገበገባል። እንደኔ ላልተማረ ጆሮ ሁሉም ያው ነው። ለደብተራ ግን አንድ ሐረግ ይበቃዋል።

ድጓው በብራና ሲጻፍ ከቃሉ በላይ ትንንሽ ምልክቶች ይሰፍራሉ። ይዘት፣ ደፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እየተባሉ ይጠራሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ታዲያ ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን ቀድሞ በቃሉ ለያዘ ሰው ነው። ያልያዘው የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት መቁጠር አለበት። ቤቶቹ ሳይደባለቁ የቆዩትም በዚህ ይመስለኛል፤ ወረቀት ብቻውን አያስተምርማ!

ልዩነቱ በዜማ አያበቃም። ቅዳሴ የሰለልኩላና የደብረ ዓባይ አለው። አቋቋም፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበው ዝማሬ፣ የጎንደርና የተክሌ አለው። ቅኔ ደግሞ ዋሸራ፣ ዋድላና ጎንጅ ይባላል፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ መተራረባቸውም ያለ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጻሕፍት ትርጓሜው ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያነብባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል። ደግሞ «አንድም» ይላል። የፊተኛው አልተሻረም፣ የኋለኛውም ትርፍ አይደለም፤ ሁለቱም አብረው ይጠናሉ። ትምህርቱ ራሱ «አንድምታ» የተባለው ከዚህች ቃል ነው። እሱም ቢሆን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተከፍሏል። ክፍፍሉ ከጎንደሩ መምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይያያዛል። ዛሬ በየጉባኤው በብዛት የሚሰማው ታች ቤት ነው።

እንዲህ የበዛውን ምን አንድ ያደርገዋል? አንዱ ማስመስከር ነው። ድጓ የተማረ ሰው ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ወርዶ ችሎታውን ያስመሰክራል። እዚያ ከተመሰከረለት በኋላ የትም ወንበር ዘርግቶ ቢያስተምር ማንም «ከየት አመጣኸው?» አይለውም።

ሌላው ማኅሌት ነው። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ አንድ ደብር ውስጥ ከየቤቱ የመጡ ሊቃውንት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ግራ ቀኝ ይቆማሉ። ከበሮው ከመመታቱ በፊት በየትኛው ቤት እንደሚባል መስማማት አለባቸው። መሪው አንዴ ካነሣ በኋላ የሌላ ቤት የሆነውም የራሱን ለጊዜው ትቶ ይከተላል።