«ዋናው ልብ ነው» አትበሉኝ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እምነት በልብ ካለ በሰው ፊት ማሳየት አያስፈልግም ለማለት «ዋናው ልብ ነው» ሳልባል ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ ማተቧን ሸሚዟ ውስጥ የሸጎጠችው ልጅ፣ «ዋናው ልብ ነው»። እሑድ የት እንደዋለ ለጓደኞቹ ለመናገር የሚያፍረው ልጅ፣ እሱም «ዋናው ልብ ነው»። ወደዚህ አባባል እመለሳለሁ። መጀመሪያ እምነትን ስለመግለጽ የሚባሉትን ሌሎች ትንንሽ የተሳሳቱ አባባሎች ከመንገድ ላንሳ።

«ታክሲ ውስጥ ማማተብ ድፍረት ነው።» አይደለም። ከመገናኛ ስንመጣ ቤተ ክርስቲያን ሲታለፍ ስንቱ ተሳፋሪ ያማትባል። መልካም ልማድ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ግን ድፍረት አይጠይቅም።

«ምስክርነት ማለት አውቶቡስ ውስጥ ጮኾ መስበክ ነው።» ብዙ ጊዜ የደከመን ሠራተኛ እንቅልፍ መንሣት ነው።

«መንግሥትና ሃይማኖት ስለተለያዩ ሥራ ቦታ እምነትን ማሳየት አይፈቀድም።» ይህን የሚለኝ ሰው ሕገ መንግሥቱን አንብቦ አያውቅም። አንቀጽ 11 መለያየታቸውን ይናገራል። አንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን ለብቻም ከሌሎች ጋርም፣ በይፋም በግልም የመግለጽ መብት ይሰጣል።

«ድፍረት የሰማዕታት ነው።» አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ ጳጳስ ነበሩ፣ እሺ። አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ስለ እምነታቸው እንደገደላቸው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የሰማነው ወንድሞቻችን ግን እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። የቂርቆስ ሰፈር ልጆችም ነበሩባቸው። እኛን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚያስፈራን ቢላዋ አይደለም። መሳቂያ መሆን ነው።

«የፈራ ሰው እምነት የለውም።» ይሄኛው ደህና ደህና ልጆች ያስቀርብኛል። አንዴ ሸሽገው ሲገኙ «እኔማ አልሆንም» ብለው ይጠፋሉ። የአይሁድ አለቃው ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነው። በኋላ በሸንጎ መካከል ለጌታ ተሟግቶ አንዲት ጥያቄ ጠየቀ፤ «አንተም ከገሊላ ነህ?» ብለው አፉን አስያዙት። በመጨረሻ ጌታ ሲቀበር መቶ ንጥር የሚያህል ሽቱ ተሸክሞ የመጣው ግን እሱ ነው። ጴጥሮስስ የካደው በጲላጦስ ፊት ነው እንዴ? እሳት እየሞቀ፣ አንዲት ገረድ ስትጠይቀው ነው። የእኛም ፈተና እንዲሁ የሰፈር ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ «ልብ»። ልጆቼ ሁልጊዜ ጥቅስ አላቸው፦ «እልፍኝህ ግባ፣ በርህን ዘግተህ ጸልይ» ተብሏል ይሉኛል። ተብሏል። ግን ለምን? ሰው እንዲያያቸው አደባባይ ቆመው እንደሚጸልዩት እንዳንሆን ነው። በዚያው ስብከት፣ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ መብራት አብርቶ እንቅብ የሚደፋበት የለም ተብሏል። ያችን አይጠቅሱልኝም። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ልብንና አፍን አንድ ቦታ ነው ያስቀመጣቸው፤ አንዱን መርጣችሁ ውሰዱ አላለም።

ዳንኤልን አስቡት። ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ለአንበሳ ይሰጥ የተባለው ለ30 ቀን ብቻ ነበር። አንድ ወር በልቡ ቢጸልይ ማን ያውቅበታል? እሱ ግን እንደ ወትሮው በቀን ሦስት ጊዜ፣ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም እንደተከፈተ ተንበረከከ። ለመታየት ብሎ አዲስ መስኮት አልከፈተም። ላለመታየት ብሎም የተከፈተውን አልዘጋም።

እኛ ከተማ ዳር ወደ ኮንዶሚኒየም የወጣነው ደግሞ ሌላ ችግር አለብን። የድሮው ሰፈር ይሸከመን ነበር። ቅዳሴ ስትቀሪ ጎረቤት «ምነው፣ አሞሽ ነው?» ትልሻለች። የጽዋው ማኅበር ተራሽን ይቆጥራል። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ዓመት ብትቀሪ ማንም አይጠይቅሽም። ብቻውን የቀረ ልብ ምን እንደሚሆን በራሴ አይቼዋለሁ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ምሳ በጋራ ነበር የሚታዘዘው። ረቡዕና ዓርብም ጥብስ። እኔ እየጾምኩ «ጨጓራዬን ያመኛል፣ ለእኔ ሽሮ» እላለሁ። ጨጓራ የሚያመው ሰው ሽሮ ሲያዝዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «አክራሪ» እንዳልባል ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን አጠገቤ የምትቀመጠው ሙስሊም ባልደረባዬ በፌስታል ተልባ ይዛልኝ መጣች። «እናቴ ናት የላከችልሽ። ጠዋት በባዶ ሆድሽ ጠጪው።» እሷ በረመዳን «ጾመኛ ነኝ» ብላ ወንበሯ ላይ ቁጭ ትል ነበር፤ አለቀ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ምክንያታችሁን በአጭሩ ተናገሩ፤ «ጾም ላይ ነኝ» በሉና ዝም በሉ። ስብከት አትጨምሩበት፣ ይቅርታም አትጠይቁበት። ለሁሉም በአንዴ ካቃታችሁ ለአንድ ሰው ጀምሩ። አዲስ ቤት ስትገቡ ከዲሹ በፊት የንስሐ አባት ፈልጉ። የሐሰት ደረሰኝ የምትጽፉ ከሆነ ግን እባካችሁ ማተባችሁን ደብቁልን። አንዱ ተማሪዬ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ይሠራል። ደንበኛ «30 ኩንታል ሲሚንቶ ሰጥተህ 40 ብለህ ጻፍልኝ» ሲለው «አልችልም ጋሼ፣ ቆራቢ ነኝ» አለው። ሰውየው ስቆበት ሌላ ሱቅ ሄደ። ልጁ ኮሚሽኑን አጣ። ሁሌ በሰላም ያልቃል አላልኩም።

የእኔ ግን በሰላም አለቀ። ተልባውን ተቀብዬ ሁለት ቀን ጨነቀኝ፤ በሦስተኛው ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አሁን ለእናቴ ምን ልበላት?» አለች። በቀጣዩ ረቡዕ አስተናጋጁ ሲመጣ አፌን ሳልከፍት «ለእሷ የጾም» ብላ አዘዘችልኝ።