የጤና ማበረታቻ ምንድን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በአሜሪካ ጤናማ ለሆኑ ሠራተኞች ከወርሃዊ የጤና መድህን ክፍያቸው ላይ የሚደረገውን ቅናሽ አሞግሰው «ራሱን የጠበቀ ሰው ማበረታቻ ይገባዋል» ሲሉ ሰማሁ። ይህን አነጋገር ደጋግሜ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ለሚገባው ሰው የሚሰጠው ሽልማት ነው። ማበረታቻ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ያለ እርሱ የማያደርገውን ነገር እንዲያደርግ ካላነሳሳው፣ ስሙ ማበረታቻ ቢባልም ሥራው ስጦታ ነው።

ሞተሪኖዋ (ሞተር ማስነሻዋ) የተበላሸ መኪና እናስብ። ከቆመችበት ሲገፏት ሹፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ይለቅና ሞተሩ ይነሳል። ቁልቁለት በምትወርድ መኪና ላይ ከኋላ ሮጦ እጁን ያሳረፈ ሰው ግን «ገፋሁ» ማለት አይችልም። አስተያየት ሰጪው ያሞገሱት እርሱን ነው።

በየሥራ ቦታው የምርመራ ጠረጴዛ ዘርግቼ የደም ግፊት ስለካ ዓመታት አልፈዋል። ገና መሣሪያውን ከሳጥኑ ሳላወጣ የሚሰለፉት የስፖርት ጫማ ያደረጉት፣ የውኃ ኮዳ የያዙት፣ ያለፈው ዓመት ልካቸውን በቃላቸው የሚያውቁት ናቸው። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከ4,800 የሚበልጡ ሠራተኞችን በዕጣ መድቦ በተካሄደው ጥናት፣ የመሥሪያ ቤቱን የጤና ፕሮግራም የተቀላቀሉት ሰዎች ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊትም የሕክምና ወጪያቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ተሳታፊን ካልተሳታፊ ጋር ብቻ ያስተያየ ሰው «ፕሮግራሙ ወጪ ቀነሰ» ብሎ በደስታ ይጽፋል። ወደ ፕሮግራሙ በዕጣ የተጋበዙት ካልተጋበዙት ጋር ሲነጻጸሩ ግን በሕክምና ወጪያቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ታዲያ ገንዘብ አይሠራም ማለት ነው? በዚያው ውይይት ላይ ተቃዋሚው እንዲህ አሉ፤ እርሳቸውም ተሳስተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ በአሜሪካው ኩባንያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ 878 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ማጨስ ላቆሙት በየደረጃው በድምሩ እስከ 750 ዶላር ተከፈለ። በዓመቱ ገደማ ገንዘብ ከተመደበላቸው 14.7 ከመቶው፣ ካልተመደበላቸው ደግሞ 5 ከመቶው ማጨስ አቁመው ተገኙ። (በቃል ብቻ የታመነ አይደለም፤ በምርመራ የተረጋገጠ ነው። ሰው ስለ ራሱ በተናገረው ላይ ብቻ የቆመ የማበረታቻ ጥናት ስታዩ ተጠራጠሩ።) ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ቁጥሮቹ ወደ 9.4 እና 3.6 ወርደው ነበር። ልዩነቱ ጸንቷል፤ ከተነሱት መኪኖች ብዙዎቹ ግን መንገድ ላይ ቆመዋል። መግፋት ሞተር ያስነሳል እንጂ ባትሪ አይሞላም፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ይኸውም ልማዱ፣ ቤተሰቡ፣ ጓደኛው ነው።

ደግሞም አገፋፍ አለው። በሌላ ጥናት 281 ሠራተኞች በቀን 7,000 እርምጃ እንዲራመዱ ተጠየቁ። አንዱ ቡድን ግቡን በመታበት ቀን 1.40 ዶላር ያገኛል። ሌላው በወሩ መጀመሪያ 42 ዶላር በስሙ ይያዝለትና ባልተራመደበት ቀን ሁሉ 1.40 ይቀነስበታል። ሒሳቡ አንድ ነው። ምንም ያልተከፈላቸው ከቀኖቹ 30 ከመቶ በሚሆኑት ግቡን ሲመቱ፣ ተከፋዮቹ 35፣ ተቀናሾቹ 45 ከመቶ ደረሱ። የያዙትን ማጣት ያላገኙትን ከማጣት ይበልጥ ያማል።

በአንጻሩ ውፍረት ለመቀነስ 550 ዶላር ከመድህን ክፍያ ላይ ቅናሽ ቃል የተገባላቸው ሠራተኞች ክብደታቸው ያን ያህል አልተለወጠም። ቅናሹ ወዲያው የጀመረላቸውም ከዘገየባቸው አልተሻሉም። እኔ ምክንያቱ አይታየኝም አልልም፦ በየደመወዙ ወረቀት ውስጥ ተሸንሽኖ የገባ ቅናሽ ማን ያየዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም ባይጠይቀኝም። መንኮራኩር የሌላትን መኪና መግፋት በደል ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት የሚያጸዱ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምርመራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እኔ ያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነኝ» አሉኝ። ባለመመርመራቸው ዓመቱን ሙሉ ቅናሹ ቀርቶባቸው ከሌሎቹ አብልጠው ሲከፍሉ ነበር። ለእርሳቸው ነገሩ ማበረታቻ ሳይሆን ቅጣት ሆኗል። የአሜሪካ ሕግ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ገደብ አበጅቷል፦ ከጤና መስፈርት ጋር የተያያዘ ቅናሽ በጥቅሉ ከመድህን ሽፋኑ ዋጋ 30 ከመቶ፣ ትምባሆን የሚመለከት ከሆነ 50 ከመቶ መብለጥ የለበትም፤ መስፈርቱን ማሟላት ላልቻለ ሰውም ምክንያታዊ አማራጭ ሊሰጠውና ይኸው በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። በየዓመቱ በመከር ወራት የሚመጣውን የመድህን ደብዳቤ ሳያነቡ የሚያስቀምጡ ወገኖቼን የምለምነው ስለዚህ ነው።

እኚያ እናት ደብዳቤያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ ቆመን አብረን አነበብነው። የሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ልኬቱን የራሳቸው ሐኪም ሞልቶ ሊልክላቸው እንደሚችል ተጽፏል።