ግሬም ሱነስ፦ ስለሱ የሚወራውና እውነታው

የድሮ የሊቨርፑል ወሬ በተነሳ ቁጥር የስኮትላንዳዊው አማካይ፣ ኋላም አሰልጣኝ የሆነው የሱነስ ስም አይቀርም፣ ስለሱ የሚወራው ግን ግማሹ እውነት ግማሹ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የተበላሸ ነው። ወጣቶቹማ የሚያውቁት ቲቪ ላይ ተቀምጦ ፖግባን ሲያብጠለጥል ብቻ ነው። በብዛት የምሰማቸውን አንድ ባንድ ላንሳቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)።

«ሰው ከመምታት ውጪ ምንም አይችልም ነበር»

ይመታ ነበር፣ እሱ ላይ አንከራከርም። በ1984 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ላይ የዳይናሞ ቡካሬስቱን ሞቪላ መንጋጋ በቡጢ ሰብሮታል። በ1988 ደግሞ በስኮትላንዱ ሬንጀርስ ማሊያ የስቴዋ ቡካሬስቱን ሮታሪዩን የረገጠበትን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት፣ ያኔ በቀይ ካርድ እንኳን አልወጣም፣ ዛሬ ቢሆን ቫር ሁለቴ ማየትም አያስፈልገው።

ግን ኳሷ እግሩ ስር ስትገባስ? በ1978 የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ዌምብሌይ ላይ ክለብ ብሩዥን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ዳልግሊሽ ላገባት ጎል ኳሱን ያቀበለው ሱነስ ነው። ሳጥኑ ጫፍ ላይ ሲያገኛት ሌላ ሰው ቢሆን አክርሮ ይመታት ነበር፣ እሱ ግን ለስለስ አድርጎ በተከላካዮቹ መሀል አሾለካት፣ ዳልግሊሽ በረኛው እስኪወድቅ ጠብቆ ከላዩ አሻገራት፣ አለቀ። በ1981 ሲኤስኬኤ ሶፊያ ላይ ሃትሪክ ሰርቷል፣ በ1984 የሊግ ካፕ ፍፃሜ ድጋሚ ጨዋታ ኤቨርተንን ያሸነፉባት ብቸኛ ጎል የሱ ናት፣ በዛው ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ሮም ውስጥ ሮማን በገዛ ሜዳው በፍፁም ቅጣት ምት ሲያሸንፉም አምበሉ እሱ ነበር፣ የራሱንም መለያ ምት አስቆጥሯል። ባጠቃላይ ለሊቨርፑል 359 ጨዋታ 55 ጎል፣ 5 ሊግ፣ 3 የአውሮፓ ዋንጫ፣ 4 ሊግ ካፕ፣ ይሄ ሁሉ በስድስት ዓመት ተኩል ውስጥ። በመምታት ብቻ ይሄ አይመጣም።

«ቶተንሃም አሳድጎ ነው ለሊቨርፑል የሸጠው»

አይደለም። ከኤዲንብራ ልጅ ሆኖ ቶተንሃም ገባ እንጂ ለዋናው ቡድን የተጫወተው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም አይስላንድ ውስጥ ተቀይሮ ገብቶ። የመሰለፍ እድል ሲያጣ፣ የሀገር ናፍቆቱም ሲበረታበት በ30 ሺህ ፓውንድ ለሚድልስብሮ ተሸጠ፣ ተጫዋች የሆነውም እዛ ጃክ ቻርልተን ስር ነው። በ1974 ወደ ትልቁ ሊግ አደጉ፣ ሊቨርፑል በ1978 መጀመሪያ የወሰደውም ከዛው ነው።

«ሞ ጆንስተን የሬንጀርስ የመጀመሪያው ካቶሊክ ተጫዋች ነው»

ሱነስ በ1986 ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ሬንጀርስ ሲገባ ክለቡ የፕሮቴስታንቶች ነው ተብሎ የሚታወቅ፣ ለረጅም ዘመን ካቶሊክ በይፋ የማያስፈርም ነበር። በ1989 የከተማው ተቀናቃኝ የሆነውን የሴልቲክን የቀድሞ አጥቂ ጆንስተንን ያመጣው፣ ያውም ሴልቲክ ተመለሰልኝ ብሎ ማሊያ አልብሶ ለጋዜጠኛ ካሳየው በኋላ ነው፣ እስቲ አስቡት። ስካርፍ ያቃጠለ ደጋፊ ሁሉ ነበር። ግን የመጀመሪያው አይደለም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ካቶሊኮች ተጫውተውለታል፣ ከዛም በኋላ ነገሩን ደብቀው ያለፉ ነበሩ። ጆንስተንን የሚለየው ስመ ጥር ሆኖ፣ ሁሉም እያወቀ በግልፅ መፈረሙ ነው። በዛው ዓመት ህዳር ላይ ሴልቲክን በመጨረሻ ሰዓት ጎል ሲያሸንፉ አግቢው ራሱ ጆንስተን ነበር፣ ጩኸቱም እያደር ቀነሰ።

እግረ መንገዴን፣ እነ ቴሪ ቡቸርን የመሳሰሉ እንግሊዛዊ ተጫዋቾች ወደ ስኮትላንድ የሄዱት ለብር ብቻ ነው የሚባለውም ጎዶሎ ነው። በ1985 ብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም ላይ ተመልካቾች ካለቁበት አደጋ በኋላ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ታግደው ነበር፣ ሬንጀርስ ግን አልታገደም፣ ሱነስ ያቺን ቀዳዳ ቀድሞ አያት። ራሱ ደግሞ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ላይ ሂብስ ጋር በቀይ ወጣ፣ የውድድር ዘመኑ መጨረሻ ላይ አበርዲን ሜዳ ዋንጫው በተረጋገጠበት ቀንም በቀይ ወጣ። በቀይ ጀምሮ በቀይ ጨርሶ ሬንጀርስን ከ1978 በኋላ የመጀመሪያውን ሊግ አበላው ማለት ነው።

«አሰልጣኝ ሆኖ ተመልሶ ሊቨርፑልን ያፈረሰው እሱ ነው፣ አንድ ዋንጫም አላመጣም»

ዋንጫው ላይ መልሱ አጭር ነው፣ በ1992 ኤፍኤ ካፕ ሰንደርላንድን 2 ለ 0። ከሳምንታት በፊት የልብ ቀዶ ጥገና አድርጎ ስለነበር ቡድኑን ወደ ሜዳ እየመራ ያስገባው ረዳቱ ሮኒ ሞራን ነው፣ ሱነስ ቤንች ላይ የተቀመጠው ሀኪም አጠገቡ ሆኖ ነው።

ማፍረሱ ላይ ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ነባሮቹን ተጫዋቾች፣ ቢርድስሊን ለኤቨርተን፣ ያውም ለጎረቤት፣ ማክማሆንን ለማንቸስተር ሲቲ፣ ሆውተንን ለቪላ ሸጦ እነ ፖል ስቱዋርትን፣ ዲን ሳውንደርስን፣ ጁሊያን ዲክስን አመጣ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎም 6ኛ ወጣ፣ ይሄ ስህተት ነው። በሌላ በኩል ግን ከዳልግሊሽ የተረከበው ቡድን እድሜው እየገፋ ነበር፣ በዛ ላይ በአውሮፓ ውድድር የውጪ ተጫዋች ገደብ መጣና ስኮትላንዳዊው፣ ዌልሳዊው፣ አየርላንዳዊው ሁሉ እንደ ውጪ ዜጋ መቆጠር ጀመረ፣ ሊቨርፑል ደግሞ በነሱ የተሞላ ክለብ ነው። ማክማናማንን በቋሚነት ያሰለፈው፣ ሮቢ ፋውለርን በ1993 ያስጀመረውም እሱ ነው። በኔ እይታ ጥፋቱ መሸጡ አይደለም፣ ጥድፊያው ነው፣ ሬንጀርስ ላይ የሰራለትን አብዮት ሊቨርፑል ላይ በአንዴ ሊደግመው ሞከረ።

የደጋፊው ቂም ደግሞ ከውጤት ብቻ የመጣ አይመስላችሁ። የቀዶ ጥገናውን ታሪክ ለዘ ሰን ሸጠ፣ ሂልስብሮ ላይ ስለሞቱት ደጋፊዎች ውሸት የፃፈው ጋዜጣ ማለት ነው፣ ፅሁፉና ፎቶው የወጣው ደግሞ በሂልስብሮ መታሰቢያ ቀን። እሱ ራሱ ደጋግሞ ይቅርታ ጠይቋል፣ ከተማው ግን ስድስተኛ መውጣቱን ቢረሳለት ይሄን አይረሳለትም።

«ጋላታሳራይ በባንዲራው ምክንያት አባረረው»

ሱነስ የቱርኩን ጋላታሳራይ ሲያሰለጥን በ1996 የቱርክ ዋንጫ ፍፃሜ ነው፣ የመልሱ ጨዋታ ተቀናቃኙ ፌነርባቼ ሜዳ ላይ ነበር። ሳውንደርስ በጭማሪ ሰዓት አግብቶ ዋንጫው የጋላታሳራይ ሲሆን ሱነስ ትልቅ ባንዲራ ይዞ ሮጠና የፌነርባቼ ሜዳ መሀል ላይ ተከለው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ እብደት ይለዋል፣ እሱ እንደሚለው ግን ሲቀጠር አንድ የፌነርባቼ ሀላፊ በልቡ ቀዶ ጥገና ምክንያት አካለ ስንኩል ብሎ ሰድቦት ነበርና መልሱን ሰጠ። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ለቀቀ፣ ፋቲህ ቴሪም ተተካ፣ ባንዲራው ግን እስከዛሬ እዛ ጀግና አድርጎታል።

«አሊ ዲያን አስፈርሞ ሳውዝሃምፕተንን አዋረደ»

ታሪኩ እውነት ነው፣ ሱነስ ሳውዝሃምፕተንን ሲያሰለጥን አንድ ሰው ዝነኛው አጥቂ ጆርጅ ዊሃ ነኝ ብሎ ደውሎ አሊ ዲያ የአጎቴ ልጅ ነው አለ፣ ዊሃ ደግሞ አልደወለም። ያለልክ የተጋነነው ቀሪው ነው። የአንድ ወር ኮንትራት ነበር፣ የተጫወተውም አንዴ ነው፣ ህዳር 1996 ሊድስ ጋር የቡድኑ ኮከብ ለቲሲየ ሲጎዳ ገባ፣ ሳያልቅ መልሶ አስወጣው። ያው ሳውዝሃምፕተን ከዛ አንድ ወር በፊት ማንቸስተር ዩናይትድን 6 ለ 3 እንደቀጠቀጠ፣ ሊጉ ላይም እንደቆየ ግን ማንም አያወራም።

«ከሬንጀርስ በኋላ ያለው ሁሉ ውድቀት ነው»

ብላክበርንን በ2001 ወደ ፕሪምየር ሊግ መልሶ በ2002 ሊግ ካፑን ያበላው ማነው ታዲያ? ያውም ፍፃሜው ላይ ያሸነፈው ልጅ ሆኖ ከአንዴ በቀር ያላሰለፈውን ቶተንሃምን። ኒውካስል ላይ ግን አልከራከርም፣ ቦውየርና ዳየር የአንድ ቡድን ልጆች ሆነው ሜዳ ላይ የተቧቀሱበት ጊዜ ነው፣ በ2006 ተሰናበተ፣ ከዛ ወዲህ አሰልጥኖ አያውቅም።

«በ70 ዓመቱ እንግሊዝ ቻናልን ብቻውን ዋኘ»

የቅርቡ ወሬ ነው። በ2023 ከእንግሊዝ ፈረንሳይ ዋኝተዋል፣ ግን በቡድን፣ እየተቀባበሉ። ቆዳቸው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚሳሳ ህመም ላለባቸው ልጆች ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቧል።